ነጩን ቅጠል ማቆየት

እንደምን አረፈዳችሁ፣ ውድ የዕፅዋት ወዳጆች!

ዛሬ ሊትል ዳይመንድ ስለምትባለው ትንሽ አይቪ ነው የማወራችሁ፤ አይቪ የሐረግ ዓይነት ተክል ነው። ቅጠሏ የአልማዝ ቅርጽ አለው። መሃሉ ግራጫ የቀላቀለ አረንጓዴ፣ ዳር ዳሩ ደግሞ ነጣ ያለ ክሬም ነው። እንደ ሌሎቹ አይቪዎች ግድግዳ ካልወጣሁ አትልም። ቀስ ብላ፣ እጥር ምጥን ብላ ታድጋለች። ለኮንዶሚኒየም በረንዳ እሷን የሚያህል የለም፤ እኔ በጣም ነው የምወዳት።

ብዙዎቻችሁ «ስገዛት ነጭ ነበረባት፣ አሁን አረንጓዴ ሆነችብኝ» ትሉኛላችሁ። ነጩ የቅጠሏ ክፍል ክሎሮፊል የሚባለው አረንጓዴ ንጥረ ነገር የለውም፤ ስለዚህ ምግብ አይሠራም። የሚቀልበው አረንጓዴው ነው። አንዳንዴ ታዲያ ምንም ነጭ የሌለበት ቅርንጫፍ ብቅ ይላል። ጉልበተኛ ነው፣ ቶሎ ያድጋል። ዝም ካላችሁት ፖቱን ይወርሰዋል። እንዳያሳሳችሁ! ከበቀለበት ከሥሩ ቁረጡት። ጫፉን ብቻ ብትቀነጥቡት ከታች ያለው ዓይን፣ ማለትም አዲስ ቅርንጫፍ የሚያወጣው እምቡጥ፣ መልሶ አረንጓዴ ያወጣል።

የቆረጣችሁትን ግን ሜዳ ላይ ወይም ወንዝ ዳር አትጣሉት። አይቪ እርጥበት ካገኘ በቀላሉ ሥር ይሰድዳል። በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት ጫካውን ስለወረረባቸው በ2010 እ.ኤ.አ. ሽያጩን ከልክለዋል።

ስለ ብርሃንም ልንገራችሁ። «አይቪ ጥላ ይችላል» ይባላል፤ እውነት ነው፣ ግን ይሄ የሚሠራው ይበልጥ ለሙሉ አረንጓዴው ነው። ይቺ ጨለማ ኮሪደር ውስጥ ከከረመች ነጩ ይደበዝዛል። የቀትር ፀሐይ ደግሞ ዳሩን ያቃጥለዋል። የጠዋት ፀሐይ የሚያገኝ በረንዳ ይስማማታል። የአዲስ አበባ ቀዝቀዝ ያለ አየርም ይመቻታል።

ውሃ ላይ እባካችሁ ቆጠብ በሉ። ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ከተት አድርጉ፤ ላዩ ሲደርቅ ብቻ አጠጡ። ፖቱም ከሥሩ ቀዳዳ ይኑረው፤ ውሃ ካቆረ ሥሯ ይበሰብሳል።

በበጋ አየሩ ሲደርቅ ቅጠሏን ገልበጥ አድርጋችሁ እዩ። ደቃቅ ነጠብጣብና ስስ ድር ካለ ቀይ ሸረሪት የሚባለው ተባይ ገብቷል ማለት ነው። መርዝ ፍለጋ አትሩጡ። የቅጠሉን ጀርባ በውሃ ደህና አድርጋችሁ እጠቡ፤ በየጥቂት ቀኑም ድገሙት።

ልጅ፣ ድመት ወይም ውሻ ያለበት ቤት ከፍ አድርጋችሁ ስቀሏት። ከተበላች ትመርዛለች፤ ፈሳሿም የአንዳንድ ሰው ቆዳ ያስቆጣል።

አሁን ጓንትና መቀስ ይዤ አቆራረጡን ላሳያችሁ። ከኋላ ያላችሁ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ በሉ።