ስሙን ቄስ ይጥራው፦ አዛዝኤል እና አዛዜሎ

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ የደወሉ አድማጭ)፦ የሩሲያዊው ቡልጋኮቭን «ማስተሩና ማርጋሪታ» እያነበብኩ ነው። አዛዜሎ የሚባል ጋኔን አለበት። ከመጽሐፈ ሄኖኩ አዛዝኤል ጋር ይገናኛል ወይስ እኔ ነኝ የማገናኘው?

መልስ፦ ልክ ነዎት፣ ስሙ ያው ነው። ደራሲው ጣሊያንኛ የሚመስል ጭራ ቀጠለበት እንጂ። እኔን ግን ከስሙ ይበልጥ የገረመኝ ሥራው ነው። አጭሩ፣ ቀይ ፀጉሩ፣ ክራንቻው ከአፉ የወጣው አዛዜሎ ለማርጋሪታ ምን ሰጣት? ክሬም። ተቀባችው፣ ወጣት ሆነች፣ በረረች። ሌላ ቦታ ደግሞ ትራስ ሥር የተደበቀ የካርታ ምልክት በሽጉጥ ይመታል።

አሁን ሄኖክ ምዕራፍ 8ን ይክፈቱ። አዛዝኤል ለሰዎች ሰይፍ፣ ካራ፣ ጋሻና ጥሩር መሥራትን አስተማረ። ቀጥሎም አምባርን፣ ጌጥን፣ መኳልንና ቅንድብ ማሳመርን። መሣሪያና መዋቢያ! እዚያ ሽጉጥና ክሬም፣ እዚህ ሰይፍና ኩል። እንዲያው የገጠመ ነገር ነው ብዬ አላምንም። (ኩል የምትኳሉ እህቶቼ፣ ያለው ሄኖክ ነው፤ በኔ እንዳትቆጡ።)

ምዕራፍ 10 ላይ ደግሞ ሩፋኤል እጅ እግሩን አስሮ፣ በረሃ ውስጥ ዱዳኤል የሚባል ቦታ እንዲጥለውና ሹል ድንጋይ እንዲከምርበት ይታዘዛል። በረሃውማ ከኦሪት ጀምሮ የሱ ነው። ዘሌዋውያን 16 ላይ የሕዝቡን ኃጢአት የተሸከመው ፍየል፣ በዕብራይስጡ «ለአዛዜል» ተብሎ ወደ በረሃ ይለቀቃል። ልብ ወለዱም ወደ መጨረሻው ሲደርስ የአዛዜሎ ክራንቻ ይጠፋል። የብረት ጥሩር ለብሶ የሚበር፣ ውሃ የሌለው በረሃ ጋኔን ሆኖ ይታያል።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ሄኖክ የእኛ መጽሐፍ አይደል እንዴ? አውሮፓ በምን ደረሰ?

መልስ፦ ሙሉው የተረፈው በግዕዝ ብቻ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1773 ቅጂዎቹን ይዞ ተመለሰ። በ1821 በእንግሊዝኛ ታተመ። ቡልጋኮቭ በ1940 ሲሞት መጽሐፉ አውሮፓ ከገባ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ልብ ወለዱ ራሱ የታተመው እሱ ከሞተ በኋላ፣ ከ1966 እስከ 67 ነው። በ20ኛው መቶ ዘመን ከሙት ባሕር አጠገብ ከቁምራን ዋሻዎች የአራማይክ ቁርጥራጮችም ተገኝተዋል፤ እዚያ ስሙ አሳኤል ነው።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ አዛዚል የኢብሊስ የድሮ ስሙ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ በእስልምና ትውፊት ኢብሊስ ከመረገሙ በፊት አዛዚል ይባል ነበር የሚሉ አሉ። ቁርአን ውስጥ ግን ስሙ የለም። ሄኖክ ላይም ቢሆን የሰይጣናት ሁሉ አለቃ አይደለም። ሄርሞን ተራራ ላይ ከወረዱት 200 መላእክት አንዱ ነው፤ አለቃቸው ሰምያዛ ነው።

ጥያቄ (በስልክ መልእክት)፦ ልጄ ጌም ላይ አግኝቶት ቀኑን ሙሉ ስሙን ይጠራል። ልከልክለው?

መልስ፦ እናቴ ብትሆን «ስሙን ቄስ ይጥራው» ብላ ታማትብ ነበር። እኔ ግን ምዕራፍ 8ን አብራችሁ አንብቡ እላለሁ።