ከሰው በፊት ካሜራ ይውረድ

ክቡራትና ክቡራን፣ በከተሞች የውሃና ፍሳሽ አገልግሎት የተሰማራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣

ዛሬ ላስረዳችሁ የመጣሁት አንድ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም ሮቦት ወይም ድሮን ሊያየው በሚችል የፍሳሽ መስመር ውስጥ ሰው መግባት እንደሌለበት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 በሕንድ ኬረላ ግዛት፣ በኮዚኮድ ከተማ፣ ማንሆል (ወደ ፍሳሽ መስመር መውረጃ ጉድጓድ) ውስጥ የገቡ ሁለት ሠራተኞች በጋዝ ታፈኑ። በአቅራቢያው የነበረ የባጃጅ ሾፌር ሊያድናቸው ተከትሏቸው ወረደ፤ ሦስቱም ሞቱ። ከበሰበሰ ፍሳሽ የሚወጣው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ መጀመሪያ ላይ እንደ ገማ እንቁላል ይሸታል፤ መጠኑ ሲጨምር ግን ማሽተትን ራሱን ስለሚያደነዝዝ፣ ሠራተኛው ሽታው ለቀቀ ብሎ በሚረጋጋበት ሰዓት ለሞት እጅግ ቀርቧል። ሊረዳው የሚወርደውም ያንኑ አየር ነው የሚተነፍሰው።

ከዚህ አደጋ በኋላ የኬረላ ወጣት መሐንዲሶች ባንዲኩት የተባለ ሮቦት ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2018 በግዛቲቱ ዋና ከተማ በቲሩቫናንታፑራም ሥራ አስጀመሩት። ሮቦቱ በማንሆሉ አፍ ላይ ከተተከለ ማቆሚያ ወደ ታች ይወርዳል፣ እግሮቹን ዘርግቶ ራሱን ይደግፋል፣ ደለሉንም በክንዱ እየዛቀ ያወጣል፤ የሚያዘው ሰው ደጅ ቆሞ ሁሉን በስክሪን ያያል። እኔን ከማሽኑ በላይ ደስ ያሰኘኝ ቀድሞ ጉድጓድ ይገቡ የነበሩ ሠራተኞች ሠልጥነው የሮቦቱ ኦፕሬተሮች መሆናቸው ነው። እንጀራቸውን ሳያጡ ከሞት ራቁ።

ወደ ምርመራው ስንመጣ፣ ለጠባብ ቱቦ ገመዱን እየጎተተ የሚሄድ ባለ ጎማ ካሜራ ይበቃል። ሰው ቆሞ ለሚሄድባቸው ሰፋፊ መስመሮች ግን፣ በባርሴሎና እንደተሞከረው፣ ድሮን ይመረጣል። ጂፒኤስ ከመሬት በታች ስለማይሠራ ድሮኑ ግድግዳውን በሌዘር እየለካ መንገዱን ይፈልጋል። በተለይ የሚጠቅመን ጣራውን ማሳየቱ ነው፤ ምክንያቱም ያው ገዳይ ጋዝ ወደ ላይ ወጥቶ በእርጥቡ ግድግዳ ላይ ባሉ ባክቴሪያዎች አማካይነት ወደ ሰልፈሪክ አሲድ ስለሚለወጥ፣ የኮንክሪት ቱቦ መበላት የሚጀምረው ከአናቱ ነው። ባትሪው ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ መብቃቱና በፍሳሹ ሥር ያለውን አለማየቱ እውነት ነው፤ ከውሃው በታች ላለው ሶናር፣ ማለትም በድምፅ ሞገድ የሚያይ መሣሪያ፣ ያስፈልጋል።

አዲስ አበባ በቃሊቲ ትልቅ የማጣሪያ ጣቢያ ገንብታለች። ጣቢያው የሚያጣራው ግን መስመሩ የሚያደርስለትን ብቻ ነው፤ በተሰነጠቀ ቱቦ ፍሳሹ ወደ አፈር ይሰርጋል፣ በክረምት ደግሞ የዝናብ ውሃ ገብቶ መስመሩን ያጨናንቀዋል።

ስለዚህ በመጪው በጀት ከድሮን በፊት የጋዝ መለኪያና ባለ ጎማ ካሜራ እንዲገዛ እጠይቃለሁ። እያንዳንዱ ቀረጻም በማንሆሉ ቁጥርና በቀኑ ተመዝግቦ ከመስመሩ ካርታ ጋር ይያያዝ፤ በሚቀጥለው ዓመት ያው ቱቦ ሲቀረጽ ስንጥቁ መስፋቱን ማወቅ የምንችለው የቀድሞውን አውጥተን ስናስተያይ ነው።

አመሰግናለሁ።