«ካንሰር አይደለም» ካልን በኋላ ያለው ሥራ

ክቡራንና ክቡራት እንግዶች፣ ውድ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ውድ ተማሪዎች፣

ከይርጋለም፣ ከዲላ፣ ከወላይታ ሶዶና ከአዳማ ድረስ መንገድ አቋርጣችሁ ሐዋሳ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ የምናገረው ካንሰር ስላልሆኑ የኩላሊትና የሽንት መስመር በሽታዎች ነው፤ በወንዶች ፊኛ ሥር ስለሚገኘው የፕሮስቴት ዕጢ ማደግ፣ ስለ ኩላሊትና ስለ ፊኛ ጠጠር፣ ስለ ሽንት ቧንቧ መጥበብ፣ እየተመላለሰ ስለሚያስቸግር ኢንፌክሽን፣ ሽንትን መቆጣጠር ስላለመቻልና ስለ ፊስቱላ፣ ማለትም በከባድ ምጥ ምክንያት በፊኛና በብልት መካከል ስለሚፈጠርና ሽንት ስለሚያፈስስ ቀዳዳ። ሕመምተኛው «ካንሰር አይደለም» ሲባል «ተመስገን» ይላል፤ ቤተሰቡም እፎይ ይላል። ደስታቸው ተገቢ ነው። የሚያሳስበኝ የእኛ እዚያው ላይ ማቆም ነው። የምርምር ገንዘቡም፣ የተማሪዎቻችን የመመረቂያ ጥናትም፣ የሕዝቡ ትኩረትም አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ አያልፍም።

በተመላላሽ ሕክምና ክፍል አግዳሚ ወንበር ላይ የሚቀመጡትን አባቶች ታውቋቸዋላችሁ። ጋቢያቸውን ጠበቅ አድርገው ይይዛሉ፤ ከጋቢው ሥር የሽንት ከረጢት አለ። ሽንታቸው በሌሊት ተዘግቶባቸው፣ በጭንቅ ጤና ጣቢያ ደርሰው ካቴተር፣ ማለትም ሽንትን ከፊኛ የሚያስወጣ ቀጭን ቱቦ፣ ተደርጎላቸዋል፤ ከዚያም የቀዶ ሕክምና ተራ ይጠብቃሉ። ካቴተሩ በወቅቱ ካልተቀየረ ጫፉ ላይ ጠጠር ይጋገርበታል፤ ሲወጣም ሥጋ እየላጠ ያደማል። ካቴተር በቆየ ቁጥር በሽንት ውስጥ ባክቴሪያ የመገኘቱ ዕድል በየቀኑ ከ3 እስከ 7 በመቶ ይጨምራል፤ ወር ካለፈው በኋላ ከባክቴሪያ የሚያመልጥ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ሽታው ሰው እንዳይደርስ ብለው ለቅሶ መድረስ የተዉ፣ ከዕድር የቀሩ አባቶች አሉ። ይህን ሁሉ «የማይገድል በሽታ» ብለን ማለፍ አንችልም።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ዛሬ በዚህ አካባቢ ካቴተር ይዘው ተራ የሚጠብቁ አባቶች ስንት ናቸው? ከእነሱ መካከል መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ የተገኘባቸውስ? መልሱ ከየትኛችንም መዝገብ በቀጥታ አይወጣም። አንዱ ቦታ የበሽታው ስም ተጽፎ ካቴተሩ የገባበት ቀን ይቀራል፤ ሌላው ቦታ ቀኑ አለ፣ በሽንቱ ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ የሚለየው የካልቸር ምርመራ ውጤት የለም። ሰውየው ከጤና ጣቢያ ወደ አንደኛ ደረጃ ሆስፒታል፣ ከዚያም ወደ ሪፈራል ሲሄድ በየደረሰበት አዲስ ካርድ ይወጣለታል። ታሪኩ ሦስት ቦታ ተቆራርጦ ይቀራል።

ተባብሮ መሥራት ምን እንደሚያስገኝ አንድ ጥናት ላንሳ። በአሜሪካ የስኳር፣ የምግብ መፍጫና የኩላሊት በሽታዎች ብሔራዊ ተቋም ድጋፍ የተካሄደውና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመው ጥናት ፕሮስቴታቸው ያደገ 3,047 ወንዶችን በአማካይ ለአራት ዓመት ተኩል ተከታትሏል። ዶክሳዞሲንና ፊናስቴራይድ የተባሉት ሁለት መድኃኒቶች አብረው ሲሰጡ በሽታው የመባባሱ አደጋ በ66 በመቶ ቀነሰ። ዶክሳዞሲን ብቻውን 39 በመቶ፣ ፊናስቴራይድ ብቻውን 34 በመቶ ነበር የቀነሱት። ይህን ልዩነት አጥርቶ ለማየት አንድ ሆስፒታል ብቻውን የሚበቃ ሕመምተኛ አያገኝም። ብዙ ማዕከላት በአንድ ዓይነት መጠይቅ፣ በአንድ ዓይነት መለኪያ ስለሠሩ ነው የተቻለው። ይኸው ተቋም ከዚያ በኋላም ካይሪቡ የተባለውን የተመራማሪዎች ኅብረት ደግፎ ሐኪሙን፣ ባዮሎጂስቱንና መሐንዲሱን በእነዚሁ በሽታዎች ላይ አገናኝቷል።

እኛ ዘንድ ደግሞ የራሳችን ጥያቄ ሞልቷል። የኩላሊት ጠጠርን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1996 ጣሊያን ውስጥ 199 ሕመምተኞችን ለአምስት ዓመት የተከታተለ ጥናት ታትሟል፤ ብዙ ውሃ ከጠጡት 12 በመቶው፣ ከሌሎቹ ደግሞ 27 በመቶው ጠጠሩ ተመልሶባቸዋል። ስለዚህ ሕመምተኞቻችንን «ውሃ ጠጡ» እንላቸዋለን። ውሃው በጀሪካን ከሩቅ የሚቀዳ ሲሆንስ? በስምጥ ሸለቆ የፍሎራይድ መጠኑ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው 1.5 ሚሊግራም በሊትር የሚያልፍ ጉድጓድ ብዙ ነው። ጥርስና አጥንት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት እናውቃለን። በጠጠር ላይ ድርሻ ይኑረው አይኑረው በዚህ አካባቢ ለመመርመር ግን የኩላሊትና የሽንት መስመር ቀዶ ሐኪሙ (ዩሮሎጂስቱ) ብቻውን አይበቃም፤ የውሃ መሐንዲሱ፣ ኬሚስቱና ቤት ለቤት የምትሄደው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አብረውት መቆም አለባቸው።

ስለ ፊስቱላ ስናገር ልቤ ይነካል። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው፣ በ1974 አዲስ አበባ ላይ የፊስቱላ ሆስፒታል ከፈቱ። ዛሬ ይርጋለምም ማዕከል አለ። ሆኖም ቀዳዳው በሚገባ ተዘግቶላቸው ሽንታቸው መፍሰሱን የሚቀጥል እናቶች አሉ። ቀዶ ሕክምናው ተሳክቷል ብለን እንመዘግባለን፤ እናቲቱ ግን ቤቷ ስትገባ ልብሷ እርጥብ ነው። የጡንቻ ልምምድ የትኛዋን ይረዳል? ዳግም ቀዶ ሕክምና የምትፈልገውስ የትኛዋ ናት? ይህን የማህፀን ሐኪሙ፣ ዩሮሎጂስቱ፣ ፊዚዮቴራፒስቱና ነርሷ አብረው ካልተከታተሉት መልስ አይገኝለትም።

የማቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው። ሁላችንም የምንሞላው አንድ ገጽ ቅጽ ይኑረን፦ ዕድሜ፣ ወረዳ፣ ሕመሙ የጀመረበት ጊዜ፣ ካቴተር የገባበትና የወጣበት ቀን፣ የካልቸር ውጤት፣ ከስድስት ወር በኋላ ያለው ሁኔታ። ለፕሮስቴት ሕመምተኞች በዓለም ላይ የሚሠራባቸውን ሰባት የምልክት ጥያቄዎች በአማርኛ፣ በሲዳምኛና በኦሮምኛ፣ ማንበብ ለማይችሉም ጭምር፣ እንፈትናቸው። የሥነ ምግባር ኮሚቴዎቻችን ሳይፈቅዱ አንድም ስም አይሰብሰብ።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ልናገር። መረጃውን ሌሊት ተረኛ ሆና የሞላችው ነርስ በጥናቱ ጽሑፍ ላይ ስሟ መኖር አለበት። ከውጭ አገር አጋር ሲመጣም ጥያቄውን አብረን እንቅረጽ፤ ናሙና አቅራቢ ብቻ ሆነን መቅረት የለብንም። ይህ ካልተስማማንበት ትብብሩ ከመጀመሪያው ጽሑፍ አያልፍም።

የቅጹ ረቂቅ በመግቢያው በኩል ባለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። የማይሆን መስመር ካያችሁ ሰርዙት፤ የጎደለ ካለ ጨምሩበት። እያንዳንዱ ሆስፒታል ቅጹን የሚከታተል አንድ ሰው ዛሬውኑ እንዲሰይም እጠይቃለሁ። ከምሳ በኋላ ውይይታችንን በቅጹ የካቴተር ክፍል እንጀምራለን።

አመሰግናለሁ።