አበባ ላይ ውርጭ ሲወድቅ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ከደብረ ብርሃን ዙሪያ የደወሉ አድማጭ፦ አፕሌ ሙሉ በሙሉ አብቦ ሳለ ትናንት ሌሊት ውርጭ ወረደበት። ጠዋት ሳየው አበባው እንደነጣ ነው። ተርፎልኛል ማለት ነው?

በአበባው ንጣት አይፍረዱ። ፍሬ የሚሆነው መሃሉ ላይ ያለው ክፍል ነው፤ ውርጭም ቀድሞ የሚገድለው እሱን ነው። ዙሪያው ያማረ ሆኖ መሃሉ የሞተ አበባ ብዙ ያጋጥማል። ለመመርመር እስከ እኩለ ቀን ይታገሱ፤ ጠዋት ላይ የሞተውም ቀለሙ ገና አይለወጥም። ከዚያ ከአሥር ያህል ዛፎች፣ ከታችኛውም ከላይኛውም ቅርንጫፍ፣ 100 አበባ ይልቀሙና አንድ በአንድ በምላጭ ይሰንጥቁ። መሃሉ አረንጓዴ ከሆነ ሕያው ነው። ከጠቆረ ወይም ቡናማ ከሆነ ሞቷል። የታችኞቹ ቅርንጫፎች አብዛኛውን ጊዜ የባሰ ይጎዳሉ፤ ከእነሱ ብቻ ከለቀሙ ጉዳቱን አጋንነው ያዩታል።

ቁጥሩ ቢያስደነግጥም ተስፋ አይቁረጡ። አፕል ከአንድ እምቡጥ አምስት ስድስት አበባ ያወጣል፤ በደንብ ያበበ ዛፍ ከአበባው ከ5 እስከ 10 በመቶው ፍሬ ከያዘ ጥሩ ምርት ይሰጣል። ቀድሞ የሚከፈተው የመሃለኛው አበባ ሞቶ፣ ዘግይተው የሚከፈቱት የዳር አበቦች ፍሬ ሊይዙ ይችላሉ። ስለዚህ ከአሁን በኋላ ዋናው ሥራዎ ንብ ማቆየት ነው፤ አበባ ላይ ፀረ ተባይ በፍጹም አይርጩ። ፍሬ መያዙ በግልጽ እስኪለይ ድረስ ፍሬ አያሳሱ። የጠቆረ ቀንበጥ ቢያዩም ከሦስት እስከ አራት ሳምንት አይግረዙ፤ የሞተውና የሚያገግመው የሚለየው አዲስ ቅጠል ሲወጣ ነው። ምርቱ በእርግጥ ከጠፋ ደግሞ ያሰቡትን ዩሪያ ይቀንሱ። ፍሬ ያልተሸከመ ዛፍ ዩሪያ ሲጨመርለት ቅርንጫፍ ብቻ ያበዛል፤ ያም ለከርሞ የሚያብበውን እምቡጥ ያጠላበታል።

በአጭር መልእክት የደረሰን፦ አበባው የሚሞተው ስንት ዲግሪ ላይ ነው?

እንደ ደረጃው ይለያያል። አፕል እምቡጡ ጫፉ ላይ ገና አረንጓዴ ማሳየት ሲጀምር ከዜሮ በታች 8 ዲግሪ ገደማ ድረስ ብዙም አይጎዳም። ሙሉ ሲያብብ ግን ከዜሮ በታች 2.2 ዲግሪ ለግማሽ ሰዓት ቢቆይ ከአሥሩ አንዱ ይሞታል፤ 3.9 ላይ ከአሥሩ ዘጠኙ። ልዩነቱ ሁለት ዲግሪ እንኳ እንደማይሞላ ልብ ይበሉ። ቴርሞሜትሩን ግድግዳ ላይ ሳይሆን ከቤት ራቅ አድርገው፣ ማሳው ውስጥ በአበባው ቁመት ይስቀሉት። አየሩ በጣም ደረቅ ከሆነ ነጭ አመዳይ ሳይታይም አበባ ሊያልቅ ይችላል፤ ስለዚህ ሣሩ አልነጣም ብለው አይተኙ።

ከመንዝ የደወሉ አድማጭ፦ የእኔ ማሳ ከታች ነው፣ የጎረቤቴ ከላይ ዳገቱ ላይ። ሁልጊዜ የሚመታው የእኔ ነው። ሌሊት እርጥብ ቅጠል እያነደድን እናጨሳለን፤ ለውጥ የለውም።

ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ በሌለበት ሌሊት መሬት ሙቀቷን ወደ ላይ ትለቃለች። ከመሬት ጋር የነካካው አየር ይቀዘቅዛል፣ ይከብዳል፣ ከዚያ እንደ ውሃ ቁልቁል እየፈሰሰ ረባዳው ላይ ይተኛል። ጎረቤትዎን ያዳነው ይኸው ዳገቱ ነው። እርስዎም ከማሳዎ በታች በኩል ጥቅጥቅ ያለ አጥር ወይም የባሕር ዛፍ ረድፍ ካለዎት ቅዝቃዜውን እንደ ግድብ እያቆረ ነው። ሰፋ ያለ መውጫ ይክፈቱለት። አጥሩ የሚጠቅመው ከላይ በኩል ሆኖ፣ የሚወርደውን አየር ወደ ጎን ሲመልስ ነው።

ጭሱን ይተዉት። ጭስ መሬት የምትለቀውን ሙቀት አያግድም፤ ጠዋት ደግሞ ፀሐይዋን ከልሎ ቅዝቃዜውን ያራዝማል። የሚጠቅመው የእሳቱ ሙቀት ራሱ ነው፤ እሱም በማሳው ውስጥ የተበተኑ ብዙ ትናንሽ እሳቶች ሲሆኑ ነው። አንድ ትልቅ ነበልባል ሙቀቱን ይዞ ወደ ላይ ያመልጣል፣ ከዳር ያለውንም ቀዝቃዛ አየር ይስባል። የማገዶውን ዋጋ ስናስብ ለትንሽ ማሳ ከዚህ የሚሻለው የአፈር ዝግጅት ነው፤ ወጪም የለውም። ዛፉ ሥር ያለውን ሣር አሳጥረው ይጨዱ፣ ገለባና ድርቆሽ ካለ ለውርጩ ወራት ያንሱ፤ ሁለቱም ፀሐይ ቀን አፈሩን እንዳታሞቀው ይጋርዳሉ። አፈሩ ደረቅ ከሆነ ውርጭ ከሚጠበቅበት አንድ ቀን ቀደም ብለው እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት እንዲርስ ያጠጡ። እርጥብና ገላጣ አፈር ቀን ሙቀት ያከማቻል፣ ሌሊት ይመልሳል። ውርጭ ሊወርድ ሲል መቆፈር ግን ጉዳት አለው፤ የተቆፈረ አፈር አየር ስለሚይዝ ከታች ያለው ሙቀት አይወጣም።

ሌሊት ዛፉ ላይ ውሃ ለመርጨት ካሰቡ እስከ መጨረሻው መቀጠል መቻልዎን ያረጋግጡ። ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ ሙቀት ይለቃል፤ አበባውን የሚያድነውም እሱ ነው። ሲተን ግን በረዶ ሲሆን ከለቀቀው ሰባት እጥፍ በላይ ይወስዳል። ርጭቱ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ቢቋረጥ ካልተረጨበት ማሳ የባሰ ይሆናል። በረዶው በፀሐይ ቀልጦ እስኪወድቅ ማቆም አይቻልም። በጀሪካን ወይም በጀርባ በሚታዘል መርጫ አይሞከርም።

ከሆለታ አካባቢ የደወሉ አድማጭ፦ ቅጠል ማርገፍ ያለብኝ መቼ ነው? በመስከረም አርግፌ አበባው ኅዳር ላይ አለቀ።

የእኛ ደጋ ዋና ጉዳይ ይህ ነው። ቅዝቃዜው በረዘመባቸው አገሮች ዛፉ የሚያብብበትን ጊዜ ክረምቱ ይወስናል፤ ገበሬው መጠበቅ ብቻ ነው። እዚህ አፕል በቂ ቅዝቃዜ ስለማያገኝ ቅጠሉን በራሱ አያራግፍም፤ ቅጠሉን በእጅ አርግፈን የምናነቃው እኛ ነን። ካረገፉበት ቀን ከሦስት እስከ አምስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ያብባል። በመስከረም መጨረሻ ካረገፉ አበባው የሚከፈተው ከጥቅምት እስከ ኅዳር ነው፤ ውርጩ በሚበረታበት ወቅት።

ስለዚህ ከመጨረሻው ጀምረው ወደ ኋላ ይቁጠሩ። በማሳዎ ውርጭ የሚያቆመው መቼ እንደሆነ በየዓመቱ ይጻፉ። ለምሳሌ ጥር መጨረሻ ከሆነ፣ ከጥር መጀመሪያ በፊት አያርግፉ። ገና ያልተከፈተ እምቡጥ ቅዝቃዜ ስለሚችል ጥቂት ቀን ቢደራረብ አያስፈራም። መዘግየትም ዋጋ አለው፦ በልግ ዝናብና በረዶ ይዞ አበባው ላይ ሊደርስ ይችላል። ሁሉንም በአንድ ቀን ከማርገፍ ግማሹን ቀድመው፣ ግማሹን ከሁለት ሳምንት በኋላ ያርግፉ። ነገር ግን አና የተባለችውን የአፕል ዝርያ ካረገፉ የአበባ ብናኝ የሚሰጣትን ዶርሴት ጎልደን የተባለውን ዝርያም በዚያው ቀን ያርግፉ፤ ሁለቱ በተለያየ ጊዜ ካበቡ ውርጭ ባይኖርም በደንብ ፍሬ አይዙም።

ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ የደወሉ አድማጭ፦ ጓሮዬ ያለው ኮክ በሚያዝያ ሲያብብ ሁልጊዜ ቅዝቃዜ ይይዘዋል። ምን ላድርግ?

ኮክ ከአፕል ቀድሞ ስለሚያብብ ነው። ያሉበት ግዛት ታዋቂ የኮክ አብቃዮች አካባቢ ፓሊሴድ እንኳ በ2020 ሚያዝያ በአንድ ቅዝቃዜ አብዛኛውን ምርቱን አጥቷል፤ እነሱ ላይኛውን ሞቃት አየር ወደ ታች የሚመልስ ትልቅ ማራገቢያ አላቸው። እርስዎ አንድ ዛፍ ስለሆነ ብርድ ልብስ ይበቃዎታል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ይሸፍኑ፣ ጫፉ መሬት ይንካ፤ ሙቀቱ የሚመጣው ከአፈሩ ስለሆነ ግንዱ ላይ መጠምጠም አይረዳም። ፕላስቲክ ከሆነ አበባውን እንዳይነካ በእንጨት ይደግፉት። ውስጡ የቆየውን ዓይነት፣ ሲበራ የሚሞቀውን የገና መብራት ቢያደርጉ ጥቂት ዲግሪ ይጨምራል፤ ኤልኢዲ አይሞቅም። ጠዋት ቅዝቃዜው ከዜሮ በላይ እንዳለፈ ይግለጡት፤ ንብ መግባት አለበት።