ገደሉና ገድሉ፦ ስለ አቡነ አረጋዊ (ያልጨረስነው) ወሬ

እሷ፦ እንኳን ደህና መጣችሁ። ቃል በገባነው መሠረት ዛሬ ስለ አቡነ አረጋዊ ነው። ከዘጠኙ ቅዱሳን አንዱ ናቸው፤ ወንጌል ለማስተማር ከሮም ግዛት ተነስተው አክሱም...

እሱ፦ መጀመሪያ ግን ስለ ገመዱ ልንገርሽ።

እሷ፦ ኧረ በማርያም! አድማጮቻችን፣ ይሄ ሰው ትግራይ ያለው የአቡነ አረጋዊ ተራራ ገዳም፣ ደብረ ዳሞ፣ ወጥቶ ከመጣ ጀምሮ ሌላ ወሬ የለውም።

እሱ፦ አንዴ ብቻ። ከጦርነቱ በፊት ነው። ከአዲግራት በጠዋት ተነሳን። ስንደርስ ቀና ብዬ ሳይ፣ 20 ሜትር ገደል! ግድግዳ በይው። ከላይ የጠፍር ገመድ ተንጠልጥሏል።

እሷ፦ ባለፈው ስትነግረኝ 15 ነበር።

እሱ፦ በሜትር 15፣ በፍርሃት 20። ከእኔ ፊት አንድ ወጠጤ በገመድ ተስቦ ወጣ። ዝም ብሎ! አንዴ እንኳን አልጮኸም። ቀጥሎ እኔ ነኝ። ጫማዬን አወለቅኩ፣ አንዱን ጠፍር ወገቤ ላይ አሰሩልኝ፣ እሱን ከላይ አንድ መነኩሴ ይስባሉ። ሌላውን ራስሽ ይዘሽ ትወጫለሽ። ድንጋዩ በስንት ሰው እግር ተቦርቡሮ እንደ እርከን ሆኗል፣ ጣቴን እዚያ ከተትኩ፣ መሐል ላይ ጉልበቴ ከዳኝ።

እሷ፦ ጮህክ።

እሱ፦ ጸለይኩ።

እሷ፦ ጮኸህ ጸለይክ።

እሱ፦ ...አዎ። ግን አየሽ፣ ዘንዶው የገባኝ ያኔ ነው። ገድሉ ምን ይላል? አቡነ አረጋዊ ተራራውን ዞረው መውጫ አጡ፣ ዘንዶ ወገባቸው ላይ ተጠምጥሞ አወጣቸው፣ ቅዱስ ሚካኤል ሰይፉን መዝዞ ይጠብቃቸዋል። ሥዕሉን ታውቂዋለሽ። እዚያ ገመድ ላይ ተንጠልጥለሽ ዘንዶ ቢመጣ እሺ ነው የምትይው።

እሷ፦ ቆይ፣ እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። አክሱም ውስጥ ድሮ የሚነገረው አፈ ታሪክ አርዌ ነው አይደል? ሕዝቡን ይገዛ የነበረ ዘንዶ። አስገብር የሚል። እዚህ ደግሞ ያው ዘንዶ መነኩሴ ተሸካሚ ሆነ። ድሮ የሚፈራው አሁን ታዘዘ። ለእኔ ስብከቱ ያለው እዚያ ላይ ነው።

እሱ፦ ኦ! ይሄን አላሰብኩም። ግን ገመዱ...

እሷ፦ ገመዱን ተወው! ሌላም አለኝ። ገድሉ የአባ ጳኩሚስ ደቀ መዝሙር ነበሩ ይላል። ጳኩሚስ ግብፅ ውስጥ ያረፉት በ340ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ዘጠኙ ቅዱሳን መጡ የሚባለው በ5ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ። ከ100 ዓመት በላይ ልዩነት አለ።

እሱ፦ ደቀ መዝሙር ማለት በሥርዓታቸው የሄደ ማለት ሊሆን ይችላል እኮ።

እሷ፦ ገድሉ እንደዚያ አይልም፤ ራሳቸው አመነኮሷቸው ነው የሚለው።

እሱ፦ ገድሉ የተጻፈው እኮ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ነው። ስማቸውስ? መጀመሪያ ዘሚካኤል ነበሩ፤ ገና ወጣት ሳሉ እንደ ሽማግሌ አስተዋይ ስለሆኑ አረጋዊ ተባሉ። ዕድሜ እዚያ ቤት እንደዚያ ነው የሚቆጠረው።

እሷ፦ ይሄ መልስ አይደለም፣ ግን ቆንጆ ነው። እሺ ይለፍ። እናታቸውስ? እድና ከዚያ ሁሉ አገር ተከትለዋቸው መጥተው እግረ ተራራው ላይ ቀሩ። እስከ ዛሬ ሴት አይወጣም። ወጠጤው ወጣ፣ እኔ አልወጣም!

እሱ፦ ፍየልም ብትሆን ሴቷ አትወጣም።

እሷ፦ በጣም አጽናናኸኝ።

እሱ፦ ሥርዓቱ ነው፣ ምን ላድርግ። ደግሞ ስሙስ? ቤተ ክርስቲያኑን ለመሥራት አፄ ገብረ መስቀል መወጣጫ አሠርተው ነበር ይባላል። ሥራው ሲያልቅ አቡነ አረጋዊ «ዳኅምሞ» አሏቸው፣ አፍርሰው ማለት ነው በግዕዝ። ዳሞ ከዚያ መጣ ይላሉ። መወጣጫ ነበረ! አፈረሱት! እኔ ገመድ ላይ እያለሁ ይሄን ባውቅ ኖሮ...

እሷ፦ ላይ ምን እንዳየህ እስካሁን አልነገርከንም እኮ።

እሱ፦ የመግቢያው ጣሪያ እንጨት ላይ እንስሳት ተቀርጸዋል። አንበሳ አለ፣ ዝሆን አለ። እዚያ ተራራ ላይ በ1940 እ.ኤ.አ. ኩሻን የሚባል የጥንት መንግሥት ከ100 በላይ የወርቅ ሳንቲም ተገኝቷል፣ ከህንድ ወገን። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ግማሹን ሰዓት ስለ መውረዱ ነው ያሰብኩት።

እሷ፦ መውረዱስ?

እሱ፦ ከመውጣቱ ይከፋል። 25 ሜትር ነው ስትወርጂ።

እሷ፦ በቃ ሰዓታችን አለቀ። ጥቅምት 14 በዓላቸው ሲደርስ ስለ ሌሎቹ ስምንቱ እንመለስበታለን፣ ገመድ ሳይነሳ። ወጠጤውስ? ከአንተ ጋር ወረደ?

እሱ፦ እሱ መነነ።