ሦስት ስሞች በአንድ መድረክ

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ኢንዶኔዥያ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ኖቬምበር 10 ቀን 2025 ጃካርታ ቤተ መንግሥት ውስጥ ለ10 ሟቾች የብሔራዊ ጀግና ማዕረግ ተሰጠ። ከእነሱ መሀል ሦስቱ እንቅልፍ ነሱኝ።

አንዱ ሱሃርቶ ነው። ወደ ሥልጣን የመጣው በ1965 እና በ1966 ኮሚኒስት ናችሁ የተባሉ ሰዎች በየመንደሩ እየተለቀሙ ሲገደሉ ነው። በትንሹ ግማሽ ሚሊዮን ሰው እንዳለቀ ይገመታል። ከዚያ እስከ 1998 ገዛ። ትራንስፓረንሲ ኢንተርናሽናል በ2004 ባወጣው ግምት፣ የዘረፈው ከ15 እስከ 35 ቢሊዮን ዶላር ይደርሳል። በሙስና ተከሶ ነበር። ታሟል ተባለና ክሱ ቆመ። ሳይፈረድበት በ2008 ሞተ።

ሁለተኛዋ ማርሲና ናት። የሰዓት ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች። ደመወዛችን ይጨመር ብላ ከጓደኞቿ ጋር አድማ መታች። በ1993፣ ገና በ24 ዓመቷ፣ አሰቃይተው ገደሏት። ተፈርዶባቸው የነበሩትን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በነፃ ለቀቃቸው። ያኔ አገሪቱን የሚገዛው ማን ነበር? ሱሃርቶ!

ሦስተኛው አብዱራህማን ዋሂድ ናቸው። ሕዝቡ ጉስ ዱር ይላቸዋል። ናህድላቱል ኡላማ የተባለውን ግዙፍ የሙስሊሞች ድርጅት ለ15 ዓመት መርተዋል። በ1965 የዚህ ድርጅት ወጣቶች ከወታደሩ ጋር ሆነው ሰው ገድለዋል። ጉስ ዱር ፕሬዚዳንት ሲሆኑ፣ በ2000፣ ስለዚህ ግድያ በአደባባይ ይቅርታ ጠየቁ።

ሦስቱን በአንድ ቀን ጀግና ማለት እርቅ ሊመስል ይችላል። አይደለም። እኛ አገር ሽማግሌ ሲቀመጥ መጀመሪያ በደሉ ይነገራል። በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ይቀርባል። እዚያ ድንጋዩን የተሸከሙት ያልገደሉት ጉስ ዱር ናቸው። በ2023 ፕሬዚዳንት ጆኮ ዊዶዶም በደሉን አምነው አዝናለሁ ብለዋል። ይቅርታ ግን አልጠየቁም።

ሙስናውም የማይነቀለው ለዚህ ይመስለኛል። በነፍስ ያልተጠየቀ ሹም በገንዘብ ልጠየቅ ይላል? የሃይማኖት ጉዳዮች ሚኒስትር የነበረ ሰው በሐጅ ገንዘብ ሙስና ተፈርዶበታል። የሐጅ ገንዘብ! የፀረ ሙስና ኮሚሽኑ መርማሪ ኖቬል ባስዌዳን ደግሞ በ2017 የሱብሂ ሶላት ሰግዶ ሲመለስ ፊቱ ላይ አሲድ ደፉበት። አንድ ዓይኑ ጠፋ።

ተስፋዬ ያለው ወይዘሮ ማሪያ ሱማርሲ ዘንድ ነው። ልጃቸው ዋዋን ተማሪ ነበር። በኖቬምበር 1998 ቁስለኛ ሊረዳ ሲል በጥይት ተገደለ። እሳቸውና ሌሎች የተጎጂ ቤተሰቦች ከጃንዋሪ 2007 ጀምሮ በየሐሙሱ ጥቁር ለብሰው፣ ጥቁር ጃንጥላ ይዘው ቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት ይቆማሉ። አይጮኹም። ዝም ብለው ይቆማሉ።

ነገ ሐሙስ ነው። እዚህ እኩለ ቀን ሲሆን ጃካርታ ከቀኑ 10 ሰዓት ይሆናል። ጃንጥላዎቹ የሚዘረጉት ያኔ ነው።