የኋላው ዝናብ መጥረጊያ እንቢ ሲል፦ ሞተሩን ከመክሰሳችሁ በፊት

የተከበራችሁ ተመልካቾቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ። የማነጋግራችሁ ከጎንደር ነው። ሐምሌ ገብቶ፣ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ የሚወጣው መኪና ሁሉ የኋላ መስታወቱ በጭቃ ተለስኖ በሚታይበት በዚህ ሰሞን፣ ከምትልኩልን ጥያቄዎች የሚበዙት አንድ ዓይነት ናቸው፤ የፊቱ ዝናብ መጥረጊያ ይሠራል፣ የኋላው ግን ዝም ብሏል። እንደ ቪትዝና ራቭ ፎር ያሉ፣ ኋላቸው ቀጥ ብሎ የሚወርድ መኪናዎች ሲሄዱ ከበስተኋላቸው አየሩ ስለሚዞር ጎማው የረጨውን ጭቃ መልሶ መስታወታቸው ላይ ይለጥፈዋል። የኋላ መጥረጊያ የሌለው ኮሮላ የምትነዱ ሰዎች ይህን ቪዲዮ መዝለል ትችላላችሁ፤ ነገር ግን ተመልካች ያስፈልገናልና ባትዘሉት ደስ ይለናል።

የኋላውን መጥረጊያ ክንድ የሚያንቀሳቅሰው ትንሽ ሞተር እንዴት እንደሚሠራ ለማስረዳት ከማሲንቆ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም፤ ጎንደር ላይ ተቀምጦ ሌላ ምሳሌ መፈለግም ነውር ይመስለኛል። አንድ አዝማሪ ሲጫወት አስቡ። ደጋኑ ወዲህና ወዲያ ይመላለሳል፤ የመጥረጊያው ክንድም እንዲሁ ይመላለሳል። ከአድማጮቹ አንዱ ‹‹በቃ›› ቢለው ግን አዝማሪው ደጋኑን አየር ላይ አንጠልጥሎ አይቀርም፤ የጀመረውን ስንኝ ይጨርሳል፣ ቤት ይመታል፣ ደጋኑን የሚያወርደው ከዚያ በኋላ ነው። የኋላው መጥረጊያም ልክ እንደዚሁ ነው። እናንተ ማጥፊያውን ብትነኩም፣ በሌላ ሽቦ የሚመጣ ኤሌክትሪክ ክንዱን እስከ ማረፊያው ያደርሰዋል፤ ሲደርስም በሞተሩ ውስጥ ያለው የማረፊያ ኮንታክት ኃይሉን ይቆርጠዋል። ስለዚህ ማጥፊያውን በነካችሁበት ቅጽበት መስታወቱ መሐል ላይ ቀጥ የሚል መጥረጊያ ካላችሁ፣ ስንኙን ሳይጨርስ የተቋረጠ አዝማሪ አላችሁ ማለት ነው፤ የሚጠረጠረውም ያ ኮንታክት ወይም ወደ እርሱ የሚመጣው ሽቦ እንጂ የሞተሩ ጉልበት አይደለም። እያቃሰተና እየተጎተተ የሚሄደው ደግሞ እጁ የደነዘዘ አዝማሪ ነው፤ በዘንጉ ዙሪያ ያለው ጎማ ደርቆ ውኃ አስገብቷል፣ ዘንጉም ዝጓል። ግንባሩ ላይ ብር ብትለጥፉለትም አይፈጥንም።

ወደ ምርመራው ልሄድ ነበር፤ ነገር ግን በአስተያየት መስጫው ደጋግማችሁ የጻፋችሁትን አንድ ነገር ሳላነሣ ማለፍ አልቻልሁም። ‹‹ትንሽ በእጅ ስንገፋው ይነሣል›› ትላላችሁ። አንዳንዴ እንደሚነሣ አልክድም፤ የዛገው ዘንግ ሲገፋ በጥቂቱ ይላቀቃል። ነገር ግን ውስጡን እንመልከት። የሞተሩ ዘንግ ጫፍ ጠመዝማዛ ጥርስ አለው፤ ያ ጠመዝማዛ አንድ ትልቅ ባለ ጥርስ ማርሽ ያዞራል፤ ትልቁ ግን ጠመዝማዛውን መልሶ ማዞር አይችልም። ኃይል በአንድ አቅጣጫ ብቻ ያልፋል ማለት ነው። እናንተ ክንዱን በውጭ በኩል ስትገፉ፣ ጉልበታችሁ በሙሉ የሚያርፈው በጥቂት ጥርሶች ላይ ነው፤ እነዚያ ጥርሶች ደግሞ በብዙ ሞተሮች ፕላስቲክ ናቸው። መኪና የሚያጥቡ ልጆችም ከሥሩ ለማጽዳት ብለው ክንዱን ወደ ጎን ሲስቡት ይኸው ነው የሚሆነው፤ ማድረግ የሚገባቸው ክንዱን ከመስታወቱ ወደ ውጭ ማንሣት ነበር። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ይጮኻል፣ ክንዱ ግን ንቅንቅ አይልም። እናም እባካችሁ አትግፉት። ይህን ለጎረቤታችሁ ላኩለት፤ እግረ መንገዳችሁንም ቻናላችንን ሰብስክራይብ አድርጉ።

አሁን ምርመራው። ቁልፉን ክፈቱ፣ መጥረጊያውን አብሩ፣ ጆሯችሁን ከኋላው በር አስጠጉ። ድምፅ እየተሰማ ክንዱ ካልተንቀሳቀሰ የክንዱን ዳዶ አጥብቁ፤ ጠብቆም ካልሄደ ጥርሱ አልቋል። ምንም ድምፅ ከሌለ ፊውዙን እዩ፤ በብዙ መኪናዎች የኋላው የራሱ ፊውዝ ስላለው የፊቱ መሥራት ማረጋገጫ አይሆንም። ፊውዙ ደህና ከሆነ የበሩን የውስጥ ክዳን ፍቱና የሞተሩን ሶኬት አግኙ። እዚህ ላይ ቴስተር ብቻውን ያታልላል፤ ከሽቦው አንዲት ክር ብትተርፍ እንኳ 12 ቮልት ያሳያችኋልና። እኔ የምመርጠው 21 ዋት የሆነውን የፍሬቻ አምፖል በሶኬቱ የኃይልና የማሳ (የኔጋቲቭ) ፒን መካከል ማገናኘት ነው። ደምቆ ከበራ ጥፋተኛው ሞተሩ ነው፤ ከፈዘዘ ወይም ጨርሶ ካልበራ ሞተሩን ተዉትና ሽቦውን ተከተሉ።

ሽቦው በብዛት የሚቆረጠው የት ነው? በጣራውና በኋላው በር መካከል ባለው ጥቁር የጎማ ቱቦ ውስጥ። በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር እዚያ ውስጥ ያሉት ሽቦዎች ይታጠፋሉ፤ የገበያ ዕቃ በየቀኑ የሚጫንበት መኪና ደግሞ በሩ ዕረፍት የለውም። ቱቦውን ከጫፉ ነቅላችሁ ወደ ኋላ ስትሸበሽቡት፣ የሽቦው ሽፋን ተሰነጣጥቆ፣ መዳቡም አረንጓዴ ዝገት ይዞ ልታገኙት ትችላላችሁ። የሰሌዳው መብራት ወይም የበሩ ቁልፍ ከመጥረጊያው ጋር አብሮ ካስቸገረ፣ ሌላ ቦታ ሳታዩ በቀጥታ ወደዚህ ሂዱ። ሞተር አስለውጠው ከከፈሉ በኋላ መጥረጊያው እንደ በፊቱ ዝም ያለባቸው ሰዎች የጻፉልንን ሳነብ የምናደደው ለዚህ ነው።

ጥፋተኛው በእርግጥ ሞተሩ ከሆነ እንለውጠው። ያገለገለ ከገዛችሁ መሪው በቀኝ ለሆነ መኪና የተሠራ አለመሆኑን አረጋግጡ፤ በአንዳንድ ሞዴሎች ማረፊያው በተቃራኒው በኩል ነው። የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀሉ፣ ክንዱ ያረፈበትን ቦታ መስታወቱ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉበት፣ ዳዶውን ፍቱ። ክንዱ ተጣብቆ እንቢ ካለ ዝገት ማስለቀቂያ ነፍታችሁ ታገሡት እንጂ ካቻቢቴ መስታወቱ ላይ አስደግፋችሁ አትፈንቅሉ፤ መስታወቱ ከሞተሩ ይወደዳል። ሶኬቱን ንቀሉ፣ ሞተሩን የያዙትን ቡሎኖች ፍቱ፣ አዲሱን ከአዲስ የጎማ ቀለበት ጋር እሰሩ። ዘንጉ መስታወቱን በስቶ የሚወጣ ከሆነ የውጩን ዳዶ በልክ አጥብቁ።

ከዚያ በኋላ፣ ክንዱን ከመግጠማችሁ በፊት፣ ባትሪውን መልሳችሁ ሞተሩን ባዶውን አንድ ጊዜ አስነሡና አጥፉት። ቤት ይምታ። ማረፊያው ላይ ሲቆም ብቻ ክንዱን በምልክታችሁ ልክ ግጠሙ፤ ይህን የዘለለ ሰው ክንዱ የመኪናውን ቀለም ሲደበድብ ያየዋል።

መስታወቱን አርጥባችሁ ሞክሩት፤ በደረቅ መስታወት ላይ አቧራው ይጭራል። የውስጥ ክዳኑን ሳትመልሱ በዘንጉ ዙሪያ ውኃ አፍስሱና ከውስጥ በኩል በጣታችሁ ዳስሱ። እርጥበት ከተሰማችሁ የጎማ ቀለበቱ አልተቀመጠም፤ ፈታችሁ አስተካክሉት። ደረቅ ከሆነ ክዳኑን መልሱ። ስትፈቱ የተሰበሩ ክሊፖች መኖራቸው አይቀርም፤ ከመለዋወጫ ቤት ገዝታችሁ ተኩ፣ አለበለዚያ ክዳኑ እስከ ደባርቅ ድረስ ሲንኳኳባችሁ ትሄዳላችሁ።